ግልጽ ደብዳቤ፦ ቲሸርቱ ደርሶናል፤ የግፊት መለኪያው የት ገባ?

ለጤና ሚኒስቴር
ለፌዴራል ሲቪል ሰርቪስ ኮሚሽን
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የሠራተኞችን ጤና አጠባበቅ ይመለከታል

ክቡራንና ክቡራት የሥራ ኃላፊዎች፣

ይህን ደብዳቤ የምንጽፍላችሁ አዲስ አበባ ውስጥ በሚገኝ አንድ የፌዴራል መሥሪያ ቤት የምንሠራ የመዝገብ ቤት፣ የጽዳት፣ የጥበቃ፣ የጽሕፈትና የስምሪት ሠራተኞች ነን። የመሥሪያ ቤቱን ስም ትተነዋል። አንደኛ፣ እንፈራለን። ሁለተኛ፣ ሌላ ቦታ የሚሠሩ ጓደኞቻችን ሲያነቡት «ይሄማ የእኛ ቢሮ ነው» እንደሚሉ እናውቃለን።

ያስጻፈን ከጥቂት ወራት በፊት በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ የተለጠፈ አንድ ገጽ የውስጥ ማስታወሻ ነው። «መሥሪያ ቤታችን በሠራተኞች ጤና አጠባበቅ ሞዴል እንዲሆን» ብሎ ይጀምርና፣ ዓርብ ከቀኑ 9 ሰዓት ተኩል እንዲሁም በወሩ የመጨረሻ እሑድ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል የሚደረገው ማስ ስፖርት ለማንኛውም ሠራተኛ ግዴታ መሆኑን ይገልጻል። መገኘት ከግማሽ ዓመቱ የሥራ አፈጻጸም ምዘና 5 ነጥብ ይይዛል። የቀረ ሠራተኛ ምክንያቱን በጽሑፍ ያቀርባል። ከሁሉም በታች፣ የሚያነበው እንደማይኖር በመተማመን ይመስላል፣ አንዲት መስመር አለች፦ ምድር ቤት ያለው የክሊኒክ ክፍል ለኮሙኒኬሽን ስቱዲዮ እንዲሆን ተወስኗል።

ክሊኒካችን ተዘግቶ፣ የስፖርታችን ፎቶ የሚቀናበርበት ክፍል ሊሆን ነው። ደብዳቤውን እንድንጽፍ ያደረገን ይህችው መስመር ናት። ሌላውን ሁሉ ችለነው ኖረናል።

ለሁለታችሁም የጻፍነው በምክንያት ነው። ጤና ሚኒስቴር አንድ መርሐ ግብር ሲጀምር መሥሪያ ቤቶች ይቀዱታል። ሲቪል ሰርቪስ ኮሚሽን ደግሞ የመንግሥት ሠራተኛ የሚመዘንበትን ሥርዓት ይመለከተዋል። የእኛ መሥሪያ ቤት ስፖርቱን ከአንዱ ቀድቶ ነጥቡን ከሌላው አምጥቶ በመሐል የራሱን ነገር ሠርቷል። ቢያንስ በስማችሁ ምን እየተሠራ እንደሆነ እወቁት።

ስፖርት ጠልተው ነው እንዳትሉን። የዓለም ጤና ድርጅት አንድ አዋቂ ሰው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መጠነኛ እንቅስቃሴ እንዲያደርግ ይመክራል። የእኛ የጽዳት ሠራተኞች ይህንን ሰኞ ከምሳ በፊት ይጨርሱታል። ሊፍቱ በተበላሸ ጊዜ ደግሞ (መቼ ነው የማይበላሸው?) ውኃ በባልዲ ተሸክመው ስድስት ፎቅ ይወጣሉ። ዓርብ ዓርብ በድምፅ ማጉያ «እንቅስቃሴ ለጤና!» እየተባለ ሲጮህባቸው ምን እንደሚሰማቸው ገምቱ።

አቤቱታችንን በየተራ እናቅርብ።

የመጀመሪያው የሹፌራችን ጉዳይ ነው። እንደምታውቁት ከኅዳር 2011 ዓ.ም. ጀምሮ አዲስ አበባና ሌሎች ከተሞች «መንገድ ለሰው» እያሉ በወር አንድ እሑድ ዋና ዋና መንገዶችን ለመኪና ይዘጋሉ። የእኛ ሹፌር ከትንሽ ልጁ ጋር አንድ እሑድ ወጣ። ልጁ ብስክሌት ሲነዳ እሱ ነፃ ምርመራ ወደሚሰጥበት ድንኳን ገባ። ነርሷ ግፊቱን ለካች፤ አሳርፋ ደግማ ለካች። 180 በ110። ራሱን እንኳ አሞት አያውቅም ነበር። በቁራጭ ወረቀት ጽፋ ጤና ጣቢያ ላከችው፤ መድኃኒት ተጀመረለት፤ በየወሩ እየመጣህ ትታያለህ ተባለ። እስከዚህ ድረስ ያለው በትክክል ሠርቷል። መንገድ ላይ የተገኘ በሽተኛ ወደ ሕክምና ገብቷል።

የተበላሸው ሰኞ ቢሮ ሲገባ ነው። መሥሪያ ቤታችን ቀደም ሲል ነርስ ነበረችው። ተዛውራ ስትሄድ የሥራ መደቡ ሳይሞላ ቀረ። የግፊት መለኪያው በእሷ ስም የተመዘገበ ንብረት ስለሆነና ርክክብ ስላልተደረገ ክሊኒኩ ውስጥ ተቆለፈበት። ቁልፉ ንብረት ክፍል ነው። ንብረት ክፍል «ተረካቢ ባለሙያ ይመደብና እንሰጣለን» ይላል፤ የሰው ሀብት «መደቡ በጀት የለውም» ይላል። መለኪያው በመስታወቱ በኩል ይታያል። ክሊኒኩ ደጃፍ ላይ ቆማችሁ አጮልቃችሁ ብታዩ ጥቁሩ ጨርቅ ተጠቅልሎ፣ ጎማው ከላዩ ተቀምጦ ታገኙታላችሁ። ሹፌራችን በየቀኑ በዚያ በኩል ያልፍ ነበር።

ስለዚህ በወር አንድ ጊዜ ለመታየት የግማሽ ቀን ፈቃድ መጠየቅ ነበረበት። የስምሪት ኃላፊ ይፈርማል፤ የቅርብ አለቃ ይፈርማል፤ ሰው ሀብት ማኅተም ያደርጋል። ሁለት ወር ሄደ። በሦስተኛው ወር ለ22 ቀን መስክ ወጣ፤ ኪኒኑ መንገድ ላይ አለቀበት። ሲመለስ ሌላ መስክ ተያዘለት። «ምንም አይሰማኝም እኮ» ይለን ነበር። የደም ግፊት ምንም እንደማይሰማ እናንተ ከእኛ በላይ ታውቃላችሁ። አንድ ቀን መኪና ማቆሚያው ላይ ቁልፉ ከግራ እጁ ወደቀ። ሊያነሳው ጎንበስ አለ፤ ጣቶቹ አልታዘዙለትም። ዛሬ ቤቱ ነው። ሲናገር ቃሉ ይጎተታል፤ ልጁ ቶሎ ቶሎ ይተረጉምለታል።

ዘንድሮ ለስፖርቱ ቲሸርት ሲታደል ስሙ ከዝርዝሩ ስላልተሰረዘ ለእሱም ወጣለት። ፈርሜ የተቀበልኩለት እኔ፣ የዚህ ደብዳቤ ጸሐፊ ነኝ።

በ2007 ዓ.ም. በአገር አቀፍ ደረጃ በተደረገው ተላላፊ ያልሆኑ በሽታዎች ጥናት፣ ከ15 እስከ 69 ዓመት ዕድሜ ካለው ሕዝብ ከመቶው 16 ያህሉ የደም ግፊት እንዳለበት ታውቋል። ጥናቱ የእናንተው ነው። በእኛ ሕንጻ ውስጥ ከ300 በላይ ሰው ይሠራል። ስሌቱን መሥራት አያቅተንም፤ እነማን እንደሆኑ ግን አናውቅም፤ የለካን የለማ።

ሁለተኛው የጽዳት ሠራተኞቻችን ነገር ነው። በኤጀንሲ የተቀጠሩ ስለሆኑ መሥሪያ ቤቱ «የእኔ ሠራተኞች አይደሉም» ይላል፤ ኤጀንሲው ደግሞ «የሥራ ቦታው የእኔ አይደለም» ይላል። ቲሸርት አይደርሳቸውም። ዓርብ ግን ሜዳውን አስቀድመው ጠርገው፣ ውኃ አቅርበው፣ ከስፖርቱ በኋላ የፕላስቲክ ጠርሙስ ለቅመው ነው የሚሄዱት። ጓንት በሁለት ወር አንድ ጊዜ ይሰጣቸዋል፤ በሳምንቱ ይቀደዳል። አንዷ እህታችን አምና ሽንት ቤት ስታጸዳ እልከኛ ቆሻሻ አልለቅ ብሏት በረኪናውን ከአሲዱ ጋር ቀላቀለችው። ሁለቱ ሲገናኙ መርዛማ ጋዝ እንደሚወጣ ማንም አልነገራትም። እያሳላት፣ ዓይኗ እየፈሰሰ በግድግዳው እየተደገፈች ወጣች። ኮሪደር ላይ ቁጭ አድርገን ወተት አጠጣናት፤ ወተት ምን እንደሚጠቅም አናውቅም፤ ሌላ የምናደርገው አልነበረንም። በማግስቱ ሥራ ገባች። ካልገባች የቀን ሒሳቧ ይቆረጣል።

እዚህ ላይ አንድ የምንገረምበት ነገር አለ። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 92 አሠሪ ለሠራተኛው የአደጋ መከላከያ እንዲያቀርብና ስለሥራው አደጋ እንዲያስረዳ ያዛል። ፋብሪካ ይህን ባያደርግ የሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪ ሊመጣበት ይችላል። ወደ እኛ ሕንጻ ግን ተቆጣጣሪ ሲመጣ አይተን አናውቅም። የመንግሥት ሠራተኛ በሌላ አዋጅ ስለሚተዳደር ያ ሕግ እኛን አይመለከትም፤ የኤጀንሲ ሠራተኞቹን ይመለከታል፤ ሆኖም እነሱ የሚሠሩት የመንግሥት ግቢ ውስጥ ነው። በአንድ ኮሪደር ሁለት ሕግ አለ፤ ሁለቱም ደጃፍ ላይ ቆመዋል።

ሦስተኛውን እኔ ራሴ ላውራው፤ መዝገብ ቤት ነው የምሠራው። ምድር ቤት፣ መስኮት የሌለው፣ እስከ ጣሪያ ድረስ ፋይል የተደረደረበት ክፍል። ከላይኛው መደርደሪያ የድሮ ዶሴ ሲወርድ አቧራው ቀድሞ ይወርዳል። መሰላሉ ከታች ሦስተኛው እርከኑ በሽቦ የታሰረ ነው። አብራኝ የምትሠራው ልጅ አስም አለባት፤ ፋይል በምናወርድበት ቀን ሻሿን አፏ ላይ ታስራለች። ዓምና በመስከረም የዕቃ መጠየቂያውን ቅጽ፣ ሞዴል 20ን፣ ሞልቼ ሁለት ካርቶን ማስክ፣ አንድ መሰላልና አየር የሚያወጣ ቬንቲሌተር ጠየቅኩ። «በዚህ በጀት ዓመት አልተያዘም» ተብሎ ተመለሰ። ወረቀቱ በተመለሰ በሳምንቱ ቲሸርቶቹ ተጭነው መጡ። ማራገፉ ላይ እኛም ረዳን፤ ሳጥኖቹ የተቀመጡት መዝገብ ቤት ነበራ።

አራተኛው፣ የሕፃናት ማቆያው። በ2010 ዓ.ም. የወጣው የመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064 እናቶች ጡት የሚያጠቡበትና ሕፃናት የሚቆዩበት ክፍል በመሥሪያ ቤት እንዲኖር አድርጎ ነበር። ብዙ መሥሪያ ቤቶች ከፍተው ሠርተውበታል፤ አይተናል። የእኛም ተከፍቶ፣ ግድግዳው ላይ ጥንቸልና ቢራቢሮ ተስሎበት፣ በቴሌቪዥን ሳይቀር ታይቶ ነበር። ሞግዚቷ ደመወዝ ሳይከፈላት ስትቀር ሄደች። አሁን የባነር መጋዘን ነው፤ ጥንቸሉ ጆሮው ብቻ ይታያል። የአራት ወር የወሊድ ፈቃዷን ጨርሳ የተመለሰች የጽሕፈት ባልደረባችን ጡቷን የምታልበው ሽንት ቤት ነው፤ ውኃ በማይመጣበት አራተኛ ፎቅ። እሷም ዓርብ 9 ሰዓት ተኩል ላይ መዝለል ግዴታዋ ሆኗል። ሰርቪስ ጥሏት ቤቷ እስክትደርስ ልጇ ስንት ሰዓት እንደሚቆይ የጠየቃት የለም።

አምስተኛው ከማስታወሻው ጋር የተያያዘ ነው፦ ነጥቡና የጽሑፍ ምክንያቱ። በልጅነቱ ፖሊዮ እግሩን የጎዳው፣ በክራንች የሚሄድ የፋይናንስ ባልደረባ አለን። ማስታወሻው «ማንኛውም ሠራተኛ» ስለሚል በየወሩ ለምን እንዳልዘለለ በጽሑፍ ይገልጻል። ባለፈው ወር የጻፈውን አሳየን፤ አንድ ዓረፍተ ነገር ናት፦ «ምክንያቴ ካለፈው ወር አልተለወጠም።» ቅዳሴ የሚያስቀድሱ ሰዎች እሑድን እንዴት እንደሚያደርጉ ጠየቁ፤ «ቅዳሴ በጠዋት ያልቃል» ተባሉ። ማለዳ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ገና መጀመሩ እንደሆነ መልሱን የሰጡት ሰውዬ አያጡትም። እርጉዝ ባልደረባችን የሐኪም ወረቀት አምጪ ተባለች፤ ሆዷ እየታየ።

ሌላም አለ። በሁለተኛው ወር ሚዛን ተገዝቶ ሜዳው ላይ ተቀመጠ። ሰው በሰልፍ እየወጣ ይመዘናል፤ ኪሎው በድምፅ ማጉያ ይጠራል። «ለመነሳሳት» ነው አሉ። አንዲት ባልደረባችን 94 ኪሎ ተብላ ከተጠራች ወዲህ ስሟ 94 ሆኖ ቀረ። እሷ ዓርብ ላለመምጣት ፈቃድ ሞልታ ቤቷ ትቀራለች። ክብደቷ የቀነሰ አይመስለንም፤ የዓመት ፈቃዷ ግን ቀንሷል።

ስለ ካፌው ብዙ አንልም። ሽሮው ጨዋማ ነው፤ ፓስቲውና ሳንቡሳው ስንተኛ ጊዜ በተጠበሰ ዘይት እንደሚጠበስ ከቀለሙ ይታወቃል፤ ፍራፍሬ የሚባል ነገር በሩን አያውቀውም። የጨው መጠን ለአንድ ሰው በቀን ከ5 ግራም በታች ይሁን የሚለውን ምክር የስፖርት አሠልጣኙ ሜዳ ላይ ነግሮናል፤ ከሜዳው ስንወጣ የምንገባው እዚያው ካፌ ነው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 በሥራ ቦታ ሕንጻ ውስጥ ሲጋራ ማጨስ ይከለክላል፤ ከበርና ከመስኮት በ10 ሜትር ርቀት ውስጥም ጭምር። በእኛ የኋላ ደረጃ ላይ ግን ሁልጊዜ ጭስ አለ፤ የሚያጨሱት እነማን እንደሆኑ የጽዳት ሠራተኞቹ ከቁራጩ ማርክ ያውቃሉ፤ ለእነዚህ ሰዎች «አታጭሱ» የሚል ጥበቃ ከየት ይገኛል?

ክቡራን፣ ወደዚያ «ሞዴል» ወደሚለው ቃል እንመለስ። ይህ ቃል ለእኛ አዲስ አይደለም። የጤና ኤክስቴንሽን መርሐ ግብር በ1995 ዓ.ም. ሲጀመር «ሞዴል ቤተሰብ» የሚለውን ወደየቤቱ ያስገባው እሱ ነው። እናቴ ገጠር ነው የምትኖረው። አንዲት በቀበሌው የተመደበች ልጅ ደብተሯን ይዛ ቤቷ መጣች። ገና ሳትቀመጥ መጸዳጃ ቤቱን አሳይኝ አለቻት። አየች። ከዚያ እናቴን አንድ ያረጀ ጀሪካን አስመጣቻት፤ ጎኑን በጋለ ሚስማር በስታ፣ ውስጡ ውኃ ሞልታ፣ ከመጸዳጃው አጠገብ በገመድ አንጠለጠለችው፤ ከሥሩ ሳሙና አስቀመጠች። በሳምንቱ ተመልሳ መጣች፤ ሳሙናው ማለቁን አየች፤ ደብተሯ ላይ ምልክት አደረገች። ከዚያ ቀጥላ ስለ ምድጃው ጭስ፣ ስለ ክትባቱ፣ ከብቶቹ ከሰው ጋር ስለማደራቸው። እናቴ ለማንም አልዘለለችም፤ ፎቶም አልተነሳችም። ሞዴል ቤተሰብ የተባለችው ቤቷ ውስጥ የሚቆጠር ነገር ከተለወጠ በኋላ ነው።

እዚህ አዲስ አበባ፣ የፌዴራል መሥሪያ ቤት አራተኛ ፎቅ ላይ፣ የእናቴ ጀሪካን እንኳ የለም።

ሁለተኛው ሞዴል ቢሮ ውስጥ አብረነው የሠራነው ነው። ዕድሜያችሁ የሚያስታውስ ከሆነ፣ ኤች አይ ቪ አስፈሪ በነበረባቸው ዓመታት እያንዳንዱ መሥሪያ ቤት ተጠሪ ነበረው፤ የተወሰነ በጀት ይያዝለት ነበር፤ ከፈቃደኛ ሠራተኞች ደመወዝ በየወሩ ትንሽ እየተቆረጠ የኤድስ ፈንድ ይቋቋም ነበር። ቡና እየተፈላ ውይይት ይደረጋል። ኮንዶም ሽንት ቤት በር ላይ በሳጥን ይቀመጣል፤ ማን እንደወሰደ የሚያይ የለም። ቫይረሱ በደሙ የተገኘበት ሰው ከፈንዱ የምግብ ድጎማ ሲወስድ ስሙን የሚያውቁት ሁለት ሰዎች ብቻ ነበሩ። በመሥሪያ ቤታችን አንድም ሰው ኪሎው እንኳ በድምፅ ማጉያ አልተጠራም ነበር። ያንን መርሐ ግብር ያካሄድነው እኛው ነን፤ ቡናውን የምናፈላው እኛው ነበርን። ምስጢር እንዴት እንደሚጠበቅ፣ ተጠሪ እንዴት እንደሚመደብ፣ ገንዘቡ ከየት እንደሚመጣ የሚያውቅ ሰው በየቢሮው እስከ ዛሬ አለ፤ ጥቂቶቻችን ጡረታ ልንወጣ ነው።

የሰው አገር ካስፈለገም አንድ እንጥቀስ። ጃፓን ከ2008 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከ40 እስከ 74 ዓመት ያሉ ሰዎች በየዓመቱ ወገባቸው እንዲለካ፣ ግፊታቸውና ስኳራቸው እንዲታይ በሕግ አድርጋለች። ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ «ወፍራም ሰው ይቀጣል» ብሎ ያወራል፤ ስህተት ነው። ውጤቱ ሳይሻሻል ሲቀር ተጨማሪ ክፍያ የሚጣልበት የጤና መድኑ ተቋም እንጂ ሠራተኛው አይደለም። የእኛ መሥሪያ ቤት ገልብጦታል፦ መድን የለም፣ የሚለካ የለም፤ ነጥብ የሚቆረጥበት ግን ሠራተኛው ነው።

መድን ካልን አይቀር፣ በእኛም በኩል ያለውን ጥፋት እንናገር። የማኅበራዊ ጤና መድን አዋጅ ቁጥር 690 የወጣው በ2002 ዓ.ም. ነው፤ ከሠራተኛው 3 በመቶ፣ ከአሠሪው 3 በመቶ ተዋጥቶ ሕክምና እንዲገኝ ታስቦ ነበር። «ደመወዛችን መች ተርፎን ነው፤ ደግሞ ጤና ተቋሙ መድኃኒት የለውም» ብለን ከተቃወሙት መካከል እኛም ነበርን። ዛሬ የሹፌራችን ቤተሰብ የሚያወጣውን ስናይ ያን ጊዜ በችኮላ የተናገርነው ይቆጨናል። መድኃኒት የለም ያልነው ግን ትክክል ነበር፤ አሁንም ትክክል ነው።

ስለዚህ የምንጠይቃችሁ የሚከተለውን ነው።

ከጤና ሚኒስቴር፦ የማስ ስፖርት ጥሪ ለመሥሪያ ቤቶች ስታስተላልፉ ከጥሪው ጋር የሚሟሉ ነገሮችን ዝርዝር አብራችሁ ላኩ። የሚሠራ የግፊትና የስኳር መለኪያ፣ የሚለካ ባለሙያ፣ ውኃና ሳሙና፣ መዝገብ፣ ግፊት የተገኘበት ሰው በቀጣዩ ወር የት እንደሚታይ። ይህን ያላሟላ መሥሪያ ቤት በስማችሁ ባነር አይስቀል። በየቀበሌው ለቤተሰብ የተሠራው የጤና ኤክስቴንሽን አሠራር ለመሥሪያ ቤትም ይሠራለት፤ አንዲት የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ በወር አንድ ቀን ወደ ሕንጻችን ብትመጣና እንደ እናቴ ቤት መጀመሪያ ሽንት ቤቱን አሳዩኝ ብትለን ይበቃናል። ግፊትና ስኳር ያለበት ሰው የሁለት ወይም የሦስት ወር መድኃኒት በአንዴ የሚወስድበት መንገድ ይመቻች፤ መስክ የሚወጣ ሰው አለ።

ከሲቪል ሰርቪስ ኮሚሽን፦ ስፖርት ላይ መገኘት በሥራ አፈጻጸም ምዘና ነጥብ እንዳይያዝበት ለሁሉም መሥሪያ ቤት በደብዳቤ ይገለጽ። ለክትትል ሕክምና በወር ግማሽ ቀን ፈቃድ ያለ ሦስት ፊርማ የሚሰጥበት መመሪያ ይውጣ። ክሊኒክ የነበረው መሥሪያ ቤት ክሊኒኩን ለሌላ አገልግሎት ከማዋሉ በፊት ያስፈቅድ፤ የእኛው እስኪታይ ድረስ ይታገድልን። የኤጀንሲ ሠራተኞች በሚሠሩበት ሕንጻ ውስጥ ለአደጋ መከላከያ ዕቃ ኃላፊነቱ የማን እንደሆነ በውሉ ላይ በስም ይጻፍ። ማቆያው ውስጥ ያለው ባነር ይውጣ።

ከሁለታችሁም፦ ባለሙያ መድቡና ሳትነግሩን ኑ። አስቀድማችሁ ከነገራችሁ ቀለም ይቀባል፤ ውኃም በቦቴ ይመጣል። ዓርብ ከቀኑ 9 ሰዓት ተኩል ብትመጡ ሁላችንንም አንድ ቦታ ታገኙናላችሁ። ያን ጊዜ ወደ ሜዳው ሳይሆን ወደ ምድር ቤት ውረዱ፤ በስተቀኝ ሁለተኛው በር ነው። በመስታወቱ በኩል እዩት። መለኪያው እስከ ትናንት ማታ ድረስ እዚያው ነበር።

ከሰላምታ ጋር

በአንድ የፌዴራል መሥሪያ ቤት የመዝገብ ቤት ሠራተኛና የሠራተኞች ጤናና ደኅንነት ኮሚቴ ጸሐፊ
ስለ መዝገብ ቤት፣ ጽዳት፣ ጥበቃ፣ ጽሕፈትና ስምሪት ሠራተኞች

ግልባጭ፦
ለሥራና ክህሎት ሚኒስቴር
ለሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም
ለመሥሪያ ቤታችን ንብረት ክፍል (ቁልፉን ስለሚመለከት)